ሄንሪ ሞዝሊ፦ ለንጥረ ነገሮች ተራ ቁጥር ያወጣው ወጣት



በደባርቅም ሆነ በዳባት ልጅ ያስተማረ ወላጅ ሁሉ አንድ ቀን የኬሚስትሪ ደብተር ገልጦ አይቶ ይሆናል። በደብተሩ ውስጥ ክብ አለ፤ በክቡ ዙሪያ ሌላ ክብ፤ በዚያም ዙሪያ ሌላ ክብ። በየክቡ ላይ እንደ ተልባ ፍሬ ነጠብጣብ ተደርድሯል። መካከሉ ላይ ቁጥር ተጽፏል። ልጁን ምንድነው ቢሉት አተም ነው ይላል፤ ለምን ነጥቡ 11 ሆነ፣ ለምን 12 አልሆነም ቢሉት ግን ብዙውን ጊዜ መምህሩ ያሉት ነው ብሎ ያልፋል። ያ መካከል ላይ የተጻፈው ቁጥር ከየት እንደ መጣ ለማወቅ የአንድ ወጣት ታሪክ ማንበብ ያስፈልጋል። ወጣቱ 27 ዓመት ከስምንት ወር ኖሮ ሞተ፤ መቃብሩም የት እንደ ሆነ አይታወቅም። እኛ የእድር ሰዎች ነንና ይህን የኋለኛውን ነገር ዝም ብለን ልናልፈው አንችልም።

ሙሉ ስሙ ሄንሪ ግዊን ጄፍሪስ ሞዝሊ ይባላል፤ ቤተ ሰቦቹ ሃሪ ይሉት ነበር። ዓመቱን በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የእኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ። የተወለደው በእንግሊዝ አገር ዌይመዝ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ኖቬምበር 23 ቀን 1887 ነው። በእኛ ኅዳር 14 ቀን 1880 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ደርቡሾች ጎንደር ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን ያቃጠሉት ከሁለት ወር በኋላ፣ በዚያው በ1880 ዓ.ም. በጥር ወር ነበር።

ዘሩ የተማረ ዘር ነው። የአባቱ አባት የሒሳብ ሊቅና ቄስ፤ አባቱ ቻሌንጀር በምትባለው መርከብ ዓለምን ዞሮ የባሕር እንስሳትን ያጠና፣ በኋላም በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበረ ሰው። የእናቱ አባት ደግሞ የባሕር ዛጎል ሰብሳቢና አጥኚ ነበር። በእንግሊዝኛ ዛጎልም «ሼል»፣ ልጆቻችን የሚሥሉት የኤሌክትሮን ክብም «ሼል» ይባላል። አያቱ በዛጎል፣ የልጅ ልጁ በአተም ሼል ስም ማውጣታቸው የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ሳልጠቅሰው ማለፍ ግን አልሆነልኝም።

አባቱ በ1891 ሲሞት ሃሪ ገና አራት ዓመት አልሞላውም ነበር። እናቱ አማቤል አሳደገችው። ኢተን በሚባለው ስመ ጥር ትምህርት ቤት በነፃ የትምህርት ዕድል ገባ፤ በፊዚክስና በኬሚስትሪ ሽልማት አገኘ። ከዚያ ኦክስፎርድ ገብቶ በ1910 ሲመረቅ ግን የጠበቀውን አንደኛ ማዕረግ አላገኘም፤ ሁለተኛ ማዕረግ ተሰጠው። ፈተና እንዲህ ነው፤ ምን ይደረግ።

በዚያው ዓመት ማንቸስተር ሄዶ በኧርነስት ራዘርፎርድ ሥር ተቀጠረ። ራዘርፎርድ የኒው ዚላንድ ገበሬ ልጅ ነው። በ1911 አተም ባዶ ሜዳ እንደ ሆነ፣ መካከሉ ላይ ብቻ አንዲት እጅግ ጠጣር እምብርት (ኒውክለስ የሚሏት) እንዳለች ያስታወቀው እርሱ ነው። በ1912 ደግሞ ኒልስ ቦኽር የሚባል የዴንማርክ ወጣት እዚያው ማንቸስተር መጥቶ ተቀመጠ። ቦኽር በ1913 ባወጣው ጽሑፍ ኤሌክትሮኖች በእምብርቱ ዙሪያ በተወሰነ ርቀት ላይ ባሉ ክቦች ብቻ ይኖራሉ አለ። ከላይኛው ክብ ወደ ታችኛው ሲወርዱም የትርፉን ኃይል በብርሃን መልክ ይጥሉታል። ከሊማሊሞ አፋፍ የተለቀቀ ድንጋይ ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው በወደቀ ቁጥር ድምፅ እንደሚሰጥ ማለት ነው፤ ውድቀቱ በረዘመ መጠን ድምፁም ይበረታል። የልጆቻችን ደብተር ክቦች ሥራቸው ይኸው ነው።

እንግዲህ በዚያን ጊዜ የነበረውን ችግር ልንገራችሁ።

ሩሲያዊው ሜንዴሌየቭ በ1869 የታወቁትን ንጥረ ነገሮች በክብደታቸው ቅደም ተከተል ደርድሮ፣ ጠባያቸው በየተወሰነው ርቀት እንደሚደጋገም አሳየ። ፔሪዮዲክ ቴብል የሚባለው ሠንጠረዥ ይህ ነው። ነገር ግን ክብደት ሁልጊዜ ታማኝ አልሆነም። አርጎን 39.95፣ ፖታሲየም 39.10 ይመዝናሉ። በክብደት ከሄድን ፖታሲየም ይቀድማል፤ እንደዚያ ከሆነ ግን ከማንም ጋር የማይዋሐደው አርጎን ከእነ ሶዲየም መደዳ ይገባል፣ ውሃ ሲነካው የሚነድደው ፖታሲየም ደግሞ ከሰነፎቹ ጋዞች ጋር ይቀመጣል። ይህ እንዴት ይሆናል? ኮባልትና ኒኬልም እንደዚሁ ተገላብጠዋል፤ ቴሉሪየምና አዮዲንም እንደዚሁ። ሊቃውንቱ ሚዛኑ ተሳስቶ ይሆናል እያሉ ደጋግመው መዘኑ፤ ሚዛኑ አልተሳሳተም።

በእድራችን ቋንቋ ልናገረው። የእድሩ መዝገብ አባላትን በቁመታቸው ቢደረድር ኖሮ አንዱ ጫማ ቀይሮ በመጣ ቁጥር ተራው ይፋለስ ነበር። የጎደለ ሰው መኖሩንም በቁመት ማወቅ አይቻልም፤ በረጅሙና በአጭሩ መካከል ስንት ሰው እንደሚገባ ማን ይናገራል? መዝገብ የሚያስፈልገው ተራ ቁጥር ነው። ከ41 ቀጥሎ 43 ከመጣ 42 ጎድሏል፤ ነገሩ አለቀ። የንጥረ ነገሮች መዝገብ ግን እስከ 1913 ድረስ እንዲህ ያለ ቁጥር አልነበረውም። ሰዎች ከዳር ጀምረው አንድ፣ ሁለት ብለው ይቆጥሩ ነበር እንጂ ቁጥሩ ራሱ በነገሩ ውስጥ ያለ መሆኑን ያየ አልነበረም። ቫን ደን ብሩክ የሚባል የሆላንድ ሰው፣ ሙያው ሕግ ሲሆን፣ ተራ ቁጥሩ ከእምብርቱ የኤሌክትሪክ ሙሌት ጋር እኩል ሳይሆን አይቀርም ብሎ ጻፈ፤ ግን ማስረጃ አልነበረውም። ቦኽር በ1913 ክረምት ማንቸስተር ተመልሶ ሲመጣ ከሞዝሊ ጋር ስለዚሁ ጉዳይ፣ በተለይም ስለ ኮባልትና ኒኬል ተነጋገሩ። ሞዝሊ ነገሩን ለክቶ ለማየት ቆረጠ።

መሣሪያው ራጅ ነው፤ ያው ሆስፒታል ሄደን የምንነሣው ራጅ። በ1912 ራጅ በክሪስታል ውስጥ ሲያልፍ እንደ ብርሃን እንደሚበተን ጀርመኖች አሳይተው ነበር። ሞዝሊም ከጓደኛው ከቻርልስ ዳርዊን (የታላቁ ዳርዊን የልጅ ልጅ ነው) ጋር ሆኖ ይህን ትምህርት ተማረ። ራዘርፎርድ መጀመሪያ ላይ ብዙም አልወደደለትም፤ ኋላ ፈቀደ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። አየር የወጣለት የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ትንሽ ጋሪ አለች፤ በጋሪዋ ላይ የየንጥረ ነገሩ ቁራጭ ተደርድሯል፤ ብረት፣ መዳብ፣ ኒኬል፣ ኮባልት። ለዚንክ ናስ ተጠቀመ፤ ናስ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ነውና። ጋሪዋን በሐር የዓሣ ማጥመጃ ክር እየሳበ አንዱን ቁራጭ ካንዱ ቀጥሎ ከኤሌክትሮን ጅረት ፊት ያቆመዋል። የተመታው ቁራጭ የራሱን ራጅ ያወጣል፤ ራጁ በክሪስታል ላይ ነጥሮ በፎቶግራፍ ሳህን ላይ መሥመር ይጽፋል። መሥመሩ ያረፈበት ቦታ የራጁን ድግግሞሽ ይናገራል።

ይህን ሁሉ ሲሠራ ቀንና ሌሊት አልለየም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማንቸስተር ከተማ ውስጥ ምግብ የት እንደሚገኝ ከእርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም ተብሎ ይቀለድበት ነበር። ለሰነፍ ትዕግሥት አልነበረውም፤ ለራሱም ቢሆን አያዝንም።

ውጤቱ ምን ሆነ? ከካልሲየም እስከ ዚንክ ያሉትን ለክቶ የድግግሞሹን ካሬ ሥር (ስኩዌር ሩት) ሲያወጣ፣ ከአንዱ ንጥረ ነገር ወደ ቀጣዩ ሲሄድ የሚጨመረው ነገር ሁልጊዜ እኩል ሆኖ ተገኘ። እንደ ደረጃ ነው፤ እርከኑ አንዱ ከአንዱ አይበልጥም፣ አያንስም። ካልሲየም 20፣ ብረት 26፣ ኮባልት 27፣ ኒኬል 28፣ መዳብ 29፣ ዚንክ 30። ኮባልት ክብደቱ ቢበልጥም ከኒኬል ይቀድማል፤ በአርጎንና በፖታሲየም መካከል የነበረውም ክርክር በዚሁ ሕግ ተዘጋ፤ አርጎን 18፣ ፖታሲየም 19። ቁጥሩ በእምብርቱ ውስጥ ያለው የፖዘቲቭ ሙሌት ብዛት ነው፤ በሰላሙ ጊዜ በዙሪያው ያሉት ኤሌክትሮኖችም ያንኑ ያህል ናቸው። ልጆቻችን መካከል ላይ 11 ብለው ጽፈው በዙሪያው 11 ነጥብ የሚያስቀምጡት ስለዚህ ነው።

ይህ ጽሑፍ የወጣው በዲሴምበር 1913 ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ ያረፉበት ወር፣ በእኛ ኅዳርና ታኅሣሥ 1906 ዓ.ም.።

አንድ ረቂቅ ነገር ልጨምር። ሒሳቡ በትክክል የሚሠራው ከተራ ቁጥሩ ላይ አንድ ሲቀነስ ነው፤ ለመዳብ 29ን ሳይሆን 28ን ማስገባት ነበረበት። ምክንያቱን ክቡን ሥሎ ማየት ይቻላል። የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ከእሳቱ አጠገብ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ አግዳሚ አለ እንበል። ከሁለቱ አንዱ ተነሥቶ ወጣ፤ ከኋለኛው መደዳ አንዱ ቶሎ ብሎ ቦታውን ያዘ። ራጁ የሚወጣው በዚህ ጊዜ ነው። ወደ እሳቱ ሲጠጋ ግን እዚያው የቀረው ሁለተኛው ሰው በከፊል ከሙቀቱ ይጋርደዋል፤ ያ የሚቀነሰው አንድ ከሞላ ጎደል የዚህ ሰው ግርዶሽ ነው። ይህን ትርጉም ሌሎች በኋላ አጠሩት እንጂ ልኬቱ የሞዝሊ ነው።

በ1913 መጨረሻ እናቱ ወዳለችበት ወደ ኦክስፎርድ ተመለሰ፤ ደመወዝ አልነበረውም፤ የሚሠራው በተሰጠው ክፍል በራሱ ወጪ ነበር። በኤፕሪል 1914 ሁለተኛውን ጽሑፍ አወጣ፤ ከአሉሚኒየም 13 ጀምሮ እስከ ወርቅ 79 ደረሰ። አሁን መዝገቡ ቁጥር ስላለው የጎደለው ይታይ ጀመር። በዘዴው ተፈትሸው በመጨረሻ ባዶ ሆነው የተገኙት 43፣ 61፣ 72 እና 75 ናቸው። ፈረንሳዊው ኡርባን ሃያ ዓመት የደከመባቸውን ብርቅ አፈሮች የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ይዞ ኦክስፎርድ መጣ፤ ሞዝሊ በጥቂት ቀን ውስጥ እነማን እንደ ሆኑና ቁጥራቸውን ነገረው። ኡርባን ሴልቲየም ብሎ የሰየመው፣ 72ኛው ነው ብሎ ተስፋ ያደረገበት፣ ሳይሆን ቀረ።

የምርምር ዘመኑ ከዚህ አያልፍም። ጠቅላላው የራጅ ሥራው ሁለት ዓመት እንኳ አይሞላም።

በ1914 የእንግሊዝ ሊቃውንት ጉባኤ በአውስትራሊያ ስለ ነበር ሞዝሊ ከእናቱ ጋር በመርከብ ሄደ። ገና በመንገድ ላይ ሳሉ በኦገስት ጦርነት ተነሣ። ጉባኤውን ተካፍሎ ወደ አገሩ ሲመለስ ወታደር እሆናለሁ አለ። እናቱም፣ ወዳጆቹም ተዉ አሉት፤ በሳይንስ የሚያገለግልበት ሥራ አይጠፋም ብለው ለመኑት። አልሰማም። መጀመሪያ አልተቀበሉትም፤ ደጅ ጠንቶ በመሐንዲሶች ጦር ውስጥ የመገናኛ መኮንን ሆነ። ሥራው የስልክ ገመድ መዘርጋትና ትእዛዝ ማስተላለፍ ነው። በ1915 ክረምት የ38ኛው ብርጌድ መኮንን ሆኖ ወደ ቱርክ አገር፣ ጋሊፖሊ ወደሚባለው ልሳነ ምድር ተላከ።

ኑዛዜ ጻፈ። ሚስት የለውም፣ ልጅ የለውም። ያለውን ሁሉ፣ መሣሪያውን ጭምር፣ ሮያል ሶሳይቲ ለሚባለው የሳይንስ ማኅበር፣ ለምርምር ብቻ እንዲውል አወረሰ። ከዚያ ገንዘብ በስሙ የተማሪዎች ድጎማ ቆመ።

ኦገስት 10 ቀን 1915፣ በእኛ ነሐሴ 4 ቀን 1907 ዓ.ም.፣ የፍልሰታ ጾም በገባ በአራተኛው ቀን፣ ሙስጠፋ ከማል የሚመራው የቱርክ ጦር ቹኑክ ባይር ከሚባለው ተራራ ቁልቁል ወርዶ አጠቃ። ሞዝሊ የስልክ መያዣውን ይዞ ትእዛዝ ሲያስተላልፍ ጥይት ራሱን መታው። ወዲያው ሞተ። በዚያ ሰዓት ቆሞ የሚቀብር አልነበረም፤ ከብርጌዱ ብዙው አለቀ፣ አዛዡም ሞተ።

ሬሳው የት እንደ ወደቀ ተለይቶ አልታወቀም። ስሙ ሄልስ በሚባለው የመታሰቢያ ሐውልት ላይ፣ የታወቀ መቃብር ከሌላቸው ከ20,000 በላይ ስሞች ጋር በድንጋይ ተቀርጿል። እናቱ አፈር አላለበሰችውም፤ ድንኳን ተተክሎ ሬሳው ፊት አላለቀሰችም። ለሠራው ሥራ ዓለም ያዘነለት ብዙ ነው፤ ራዘርፎርድ እንዲህ ያለውን ሰው እንደ ተራ መኮንን ወደ ግንባር መላክ አገርን መጉዳት ነው የሚል ሐሳብ በይፋ ጻፈ፤ በኋለኛው ጦርነት እንግሊዝ ሳይንቲስቶቿን በላቦራቶሪ ያቆየችው ይህ ትዝታ ስላለባትም ነው ይባላል። እኔ ግን በዚያ ድንጋይ ላይ ከስሙ በላይና በታች የተጻፉትንም አስባለሁ። የእነርሱ እናቶች ሐዘን በተራ ቁጥር አይበላለጥም።

ሥራውን ሌሎች ቀጠሉት። ለክቦቹ ጥቅም ከሁሉ የበለጠው ምስክር የ72 ነገር ነው። ቦኽር በ1920ዎቹ መጀመሪያ የየአተሙን ክቦች ሲሞላ ብርቅ አፈሮቹ 71 ላይ ማለቅ እንዳለባቸው አየ፤ አራተኛው ክብ 32 ይዞ እዚያ ላይ ይሞላልና። ስለዚህ 72ኛው ከእነርሱ ወገን አይደለም፤ የዚርኮኒየም ወንድም ነው አለ። እስቲ ልጆቻችሁን አሥሏቸው፦ ዚርኮኒየም 40 ነው፤ ክቦቹ 2፣ 8፣ 18፣ 10፣ 2። 72 ደግሞ 2፣ 8፣ 18፣ 32፣ 10፣ 2። የሁለቱ መጨረሻ 10ና 2 ነው፤ ውጫዊ መልካቸው አንድ ነው። በኮፐንሃገን ኮስተርና ሄቨሺ የዚርኮኒየም ድንጋይ ወስደው በሞዝሊ ዘዴ በራጅ ሲመረምሩት 72ኛው እዚያው ተደብቆ ተገኘ፤ በ1923 ሃፍኒየም ብለው አስታወቁት። ከዚያ 75 በ1925፣ 43 በ1937፣ 61 በ1945 ተገኙ። 43 ቴክኒሺየም የሚባለው ነው፤ ዛሬ በሆስፒታሎች የውስጥ ደዌን ለመመርመር ያገለግላል። መዝገቡ አሁን 118 ደርሷል፤ በመካከል አንድም ባዶ የለም።

ለወላጆች የሚሆን ትንሽ ነገር ልበል። ልጁ ክብ ሲሥል የክቦቹ ብዛት ንጥረ ነገሩ በሠንጠረዡ ስንተኛ አግድም መሥመር ላይ እንዳለ ይነግረዋል። በመጨረሻው ክብ ላይ ያሉት ነጥቦች ደግሞ ጠባዩን ይናገራሉ። ሊቲየም 2፣ 1፤ ሶዲየም 2፣ 8፣ 1፤ ፖታሲየም 2፣ 8፣ 8፣ 1፤ ሦስቱም ዳር ላይ አንድ ብቸኛ ስላላቸው በቶሎ ይሰጡታል። ክሎሪን 2፣ 8፣ 7 ነው፤ አንድ ይጎድለዋል፤ ከሶዲየም አንዱን ሲወስድ ወጣችን ውስጥ የምንጨምረው ጨው ይሆናል። ይህ አቆጣጠር እስከ 20 ድረስ ያለ ችግር ይሄዳል። ከ21 እስከ 30 ሦስተኛው ክብ ተመልሶ እስከ 18 ይሞላል፤ ለምሳሌ ብረት 2፣ 8፣ 14፣ 2 ነው። ልጁ እዚህ ላይ ቢደናገር አትቆጡት። ደግሞም ኤሌክትሮን በእውነት እንደ በሬ በአውድማ ላይ አይዞርም፤ ከ1925 ወዲህ ሊቃውንቱ ይህን ትተውታል። ክቡ የሒሳብ መዝገብ ነው፤ ለቆጠራ ግን ዛሬም አላረጀም።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ እርሱም የእኛው አገር ነገር ነው። የስሜን ተራሮች ጥቁር ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ነው፤ ዕድሜውም 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ይህ እንዴት ታወቀ ቢባል፣ እነዚያው ተጣሉ የተባሉት ፖታሲየምና አርጎን ናቸው የሚመሰክሩት። በድንጋዩ ውስጥ ካለው ፖታሲየም ጥቂቱ፣ 40 የሚመዝነው ዓይነት፣ በጣም በዝግታ ይለወጣል፤ ግማሹ ለመለወጥ 1,250 ሚሊዮን ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ከሚለወጠው አብዛኛው ካልሲየም ሲሆን ከአሥሩ አንድ ያህሉ አርጎን ይሆናል። አርጎን የሚሆነው እምብርቱ አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ክብ፣ ከእሳቱ አጠገብ ካለው አግዳሚ፣ አንዱን ኤሌክትሮን ስቦ ሲውጠው ነው። ያን ጊዜ 19 የነበረው 18 ይሆናል፤ 2፣ 8፣ 8፣ 1 የነበረው ሥዕል 2፣ 8፣ 8 ሆኖ ይቀራል። አርጎኑ ከማንም ጋር ስለማይዋሐድ በድንጋዩ ውስጥ እንደ ታሰረ ይቆያል፤ ተመራማሪዎች ድንጋዩን አቅልጠው ያወጡትና ብዛቱን ለክተው ዕድሜውን ያሰላሉ።